ብየዳ ቤት ያሠራሁት የዶሮ ቤት ክረምቱን ሲፈተን

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ። በያጆቹ ብረት ያውቃሉ፤ ዶሮ አያውቁም።

ኮተቤ ከቤቴ ብዙም ሳይርቅ ካለ አንድ ብየዳ ቤት ለአሥር ዶሮ የሚሆን ቤት አሠርቼ ክረምቱን ከነበረዶው አሳልፌበታለሁ። ዶሮዎቼ ደህና ናቸው፤ እንቁላላቸውንም እየጣሉ ነው። ሸለምጥማጡም ሞክሮ ሞክሮ ትቶናል። ደጃፉ ላይ ያየሁትን እንዳለ ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ግን ይህን አልጽፍም ነበር። የቤቱን ስም አልጠራም። የማነሳው ቅሬታ በየብየዳ ቤቱ ያለ ነው፤ አንዱን ነጥሎ ማማት ደግ አይደለም።

ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ዋርድ ውስጥ ነው። ስለዚህ ንጽሕናና አየር ላይ ትንሽ አካብዳለሁ፤ እያወቃችሁ አንብቡ።

በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ የዶሮ ኬጅ የማይሠራ ብየዳ ቤት ጠፍቷል። ትናንት የመስኮት ፍርግርግና የግቢ በር ሲበይዱ የነበሩ ልጆች ዛሬ ደጃፋቸው ላይ አረንጓዴ የተቀባ ባለ ሁለት ፎቅ የዶሮ ቤት ደርድረዋል። ከታክሲ መስኮት ሲታይ ያምራል። እኔም ያማረኝ እንዲያ አይቼው ነው። ቀርቤ ሳየው ግን ሠሪው ዶሮ አርብቶ እንደማያውቅ ገባኝ።

መጀመሪያ ስንት እንደሚይዝ ጠየቅሁ። «ሃያ ይይዛል ማዘር። ጠጋ ጠጋ ካሉ ሃያ አምስትም» አለኝ ባለቤቱ። የመጨረሻ ልጄን የሚያክል ትሑት ልጅ ነው። ቤቱ 2 ሜትር በ1.20 ነው። 2.4 ካሬ ማለት ነው። ጉዝጓዝ ላይ የምትኖር እንቁላል ጣይ ዶሮ በአንድ ካሬ ከአምስት፣ ቢበዛ ከስድስት በላይ አትታጨቅም። ስለዚህ ጣሪያው አሥራ ሁለት፣ ግፋ ቢል አሥራ አራት ነው። መያዝማ ሚኒባስም ሃያ ሰው ይይዛል። ዶሮ ሲጣበብ መጀመሪያ ላባ መነጫጨት ይጀምራል፤ ከዚያ ደም ያያል። ደም ካየ በኋላ ማስቆሙ ከባድ ነው። እኔ አሥር ብዬ ቆረጥሁ፤ ሰባት የቦቫንስ ብራውንና ሦስት የሳሶ ዝርያ። አውራ ዶሮ የለኝም። «ያለ አውራ እንዴት ይጥላሉ?» ለሚሉኝ ጎረቤቶቼ፦ ይጥላሉ፤ አውራው የሚያስፈልገው ጫጩት ለሚፈልግ ነው። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት የሚጮህ አውራ አምጥቼ ከሰፈር ጋር አልጣላም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ አየር። ደጃፉ ላይ የነበረው ሞዴል ሦስት ጎኑ በላሜራ ድፍን ነው። ያለችው አንዲት መስኮት ናት፤ እሷም የማትከፈት፣ ባለ መስታወት። «ብርድ እንዳይመታቸው ነው» አለኝ ልጁ። ማሰቡ ደስ ይላል። ዶሮ ግን ላባዋን ለብሳ ነው የምትኖረው፤ የሰውነቷ ሙቀትም 41 ዲግሪ ገደማ ነው። ደረቅ ከሆነችና ነፋስ ፊት ለፊት ካልመታት የኮተቤ ኅዳር ምንም አያደርጋትም። የሚጎዳት እርጥበት ነው። አሥር ዶሮ ሌሊቱን ሙሉ ይተነፍሳል፣ ኩሱንም ይጥላል። ያ ሁሉ እርጥበት መውጫ ካጣ ቆርቆሮው ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ጉዝጓዙ ላይ ይንጠባጠባል። የራሰ ኩስ አሞኒያ ያወጣል። ጠዋት በሩን ስትከፍቱ ዓይናችሁን ከቆጠቆጣችሁ፣ እነሱ ያንን ሲምጉ ነው ያደሩት። ቀጥሎ ማስነጠስ፣ ዓይን ማበጥ፣ እንቁላል መቀነስ ይመጣል። የሳንባ ነቀርሳ ክፍል ውስጥ «መስኮቱን ክፈቱ» እያልኩ ስጮህ ኖሬ፣ ጡረታ ወጥቼ ዶሮ በድፍን ላሜራ አላፍንም።

ያሠራሁት እንዲህ ነው። ከጣራው ሥር በፊትም በኋላም ከዳር እስከ ዳር 25 ሳንቲሜትር ክፍት ቦታ አስቀርቻለሁ፤ በሽቦ ተሸፍኗል። ቤቱ ከመሬት 60 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ በእግሩ ይቆማል። ከፊት 2.10፣ ከኋላ 1.80 ሜትር ቁመት አለው። እንዲህ ሲሆን ክፍተቱ ቆጥ ላይ ከተኛች ዶሮ ራስ በላይ ይውላል። ነፋሱ ከላያቸው ገብቶ ከላያቸው ይወጣል። በኋላ በኩል ዝናብ ከነፋስ ጋር ሲመጣ የምታወርዱት ሸራ አለ። ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሬዋለሁ፤ የጠዋት ፀሐይ ገብታ ጉዝጓዙን ታደርቃለች። ልጁ ክፍተቱን የሠራው ሳይዋጥለት ነው። «በኋላ በረዳቸው ብለው እንዳይመጡ» አለኝ። አልሄድኩም።

ሽቦ ላይ ደግሞ አልደራደርም። ያ ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ ዶሮ እንዳትወጣ ያደርጋል። የሚመጣውን ግን አያቆምም። የእኛ ሰፈር ከየካ ጫካ ሥር ነው። ማታ ማታ ሸለምጥማጥ አጥር ላይ ይመላለሳል። የጎረቤቴን ዶሮዎች በአንድ ሌሊት ጨርሶባታል። ሽቦውን ከሚስማሩ ነቅሎ ነው የገባው። ጥግ የያዙትን ደግሞ ከውጭ ሆኖ ራሳቸውን በቀዳዳው ስቦ ጣላቸው፤ አልበላቸውም እንኳ። ጎረቤቴ ጠዋት ጠርታ ስታሳየኝ እኔም ቃል ጠፋኝ።

ስለዚህ በየመገናኛው የተበየደ፣ ባለ ካሬ ቀዳዳ፣ ግማሽ ኢንች ሽቦ አስገባሁ። ብየዳ ቤቱ አልነበረውም፤ መርካቶ ወርጄ ራሴ ገዛሁት። ዋጋው ከቀጭኑ ጋር አይወዳደርም፤ ሻጩ ሲነግረኝ ደግሞ እንዲናገር ጠይቄዋለሁ። ግማሽ ኢንች ያልኩት ለአይጥ ብዬ ነው። አንድ ኢንች ከሆነ ትንሿ አይጥ ዘው ነው የምትለው። አይጥ መኖ ይበላል፣ እንቁላል ይነካል፣ ሳልሞኔላም ያመጣል።

አሁን የብየዳውን ጉዳይ በቅርብ ላሳያችሁ። ልጆቹ ሽቦውን ቱቦላሬው ላይ በነጥብ ብየዳ ያዙት። ከሩቅ ሲታይ ልቅም ያለ ሥራ ነው። እኔ ግን አውራ ጣቴን በሁለት ነጥቦች መካከል ገፋ ሳደርገው ሽቦው ከብረቱ ላይ ተነሳ፤ መዳፌ ሾለከ። የእኔ መዳፍ ከሾለከ ሸለምጥማጥም ይሾልካል። ከላይ ጠፍጣፋ ብረት ደርበው ሽቦውን በመሐል እንዲያጣብቁት አደረግሁ። ሲነገራቸው አያኮርፉም፤ ይህን ልመስክርላቸው። ሌላም አለ። ሽቦው የዚንክ ሽፋን ያለው ነው። የተበየደበት ቦታ ላይ ሽፋኑ ይቃጠላል። ያች ጠቆር ያለች ነጥብ ናት መጀመሪያ የምትዝገው። አንቲረስት ቀቡልን ስትሉ ፍሬሙን ቀብተው ነጥቦቹን ይዘሏቸዋል። በትንሽ ብሩሽ አንድ በአንድ ያስነኳቸው።

ከሥር፣ በእግሮቹ መካከል ያለው ቦታ በሽቦ ታጥሮ የቀን መዋያ ሆኗል። አፈር ይጭራሉ፣ አመድ ላይ ይንከባለላሉ። የአመዱ ገንዳ ለቅማል ፍቱን ነው። ቆፍሮ የሚገባ እንዳይኖር ሽቦውን ከሥሩ ወደ ውጭ 30 ሳንቲሜትር አንጥፌ ድንጋይ ጭኜበታለሁ። ይህን ብየዳ ቤቱ አያስበውም፤ ሥራውም አይደለም።

ቆጡን ከክብ የብረት ቧንቧ ነበር የሠሩት። አስነቅዬ የእንጨት ሞራሌ አስገባሁ። ብረት ያንሸራትታል፤ ሌሊት ደግሞ ይቀዘቅዛል። ሞራሌው አራት በአምስት ሳንቲሜትር ሆኖ ጠርዙ ተልጎ ሲለሰልስ ዶሮዋ ጣቷን ጥላበት በሆዷ ላባ ትሸፍነዋለች። ለአንዷ ከ20 እስከ 25 ሳንቲሜትር ይበቃታል። እንቁላል ከሚጥሉበት ሣጥን፣ ከመጣያው፣ ከፍ ይበል እንጂ በጣም አይሰቀል፤ ሳሶ ክብደት አላት፣ ስትዘል እግሯን ትጎዳለች። ከመጣያው ዝቅ ካለ ደግሞ ሁሉም መጣያው ውስጥ ተኝተው ያድራሉ። ጠዋት የምታነሱት እንቁላል ኩስ የተለቀለቀ ይሆናል።

ወለሉ ላሜራ ነው። እዚህ ጋ ተናድጃለሁ። ቤቱ ሲደርስ ወለሉን በእጄ ስዳብስ የብየዳ ጠብታዎች ቀርተውበታል፤ እንደ ጠጠር ጠንካራ፣ አንዳንዱም ስለት ያለው። ዶሮ እዚያ ላይ ከቆጥ ስትወርድ ውስጥ እግሯ ይቆረጣል። ቁስሉ መግል ይይዛል፤ ለማዳን ስንት ጣጣ ነው። በግራይንደር ሙልጭ ተደርጎ መወገድ ያለበት ነገር ነው። ለመስኮት ፍርግርግ ቢሆን ማንም ልብ አይለውም። ከቆጡ ሥር የምትሳበው የኩስ ትሪም ሐዲዷ ጠብቆ ተበይዶ ነበር። ባዶዋን ትገባለች፤ ኩስ ሲከብዳት አትወጣም። ልጆቹ ግቢዬ ድረስ መጥተው አስተካከሉት፤ ግን በልምምጥ ነው። በየቀኑ «ነገ» አለ። መሐል ላይ መብራት ጠፋ፣ አንዱ ሠራተኛ አገር ቤት ሄደ፣ ዲስክ አለቀ። ታውቁታላችሁ።

ጉዝጓዙ ሰጋቱራ ነው። ከአናጢ ቤት በጆንያ ይገኛል። ብናኙን ሳይሆን የመላጊያውን ልጣጭ ጠይቁ፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይገባል። በክረምት ከሥር እየጋገረ ስለሚይዝ በመንሽ ማገላበጥ አለባችሁ።

የወደድኩት ክፍል በሩ ነው። ሞዴሉ ላይ የነበረው በር ለዶሮዋ ልክ ነው። ለማጽዳት ግን ተንበርክካችሁ ግማሽ ሰውነታችሁን ማስገባት አለባችሁ። ጉልበቴ እሺ አይልም። ስለዚህ ፊቱ በሙሉ እንደ ቁም ሣጥን በሁለት ክንፍ እንዲከፈት አዘዝሁ። ልጁ ሥዕሉን አይቶ ሳቀ። «ማዘር፣ ዶሮ ነው ወይስ ፍሪጅ የሚያስገቡበት?» ይኸው ቆሜ ሰጋቱራውን ጠርጌ በቀጥታ የእጅ ጋሪ ውስጥ እጥለዋለሁ። ማጠፊያዎቹ ወፍራም ናቸው፤ በሩ አልዘቀዘቀም፣ ገጥሞ ይዘጋል። የብረት ሙያቸው እዚህ ላይ ይታያል። መቀርቀሪያው ላይ የጓጉንቸር ቀለበት አስበይዱ። በፋሲካ ሰሞን የሚመጣው ሸለምጥማጥ ሁለት እግር አለው።

መጣያዎቹ ሦስት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 30 በ30። ለአሥር ዶሮ ሁለትም ይበቃ ነበር፤ ሁሉም አንዷን ነው የሚመርጡት፣ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ከውጭ በኩል ወጣ ብለው ክዳን አላቸው። ቤቱ ውስጥ ሳትገቡ እንቁላሉን ታነሳላችሁ። ክዳኑ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ግን የሐምሌ ዝናብ ሰርጎ ሣጥኑን አራሰው። አሮጌ የመኪና ከመነዳሪ ቆርጬ ማጠፊያው ላይ በሪቬት አስመታሁ፤ ቆመ። ይህን ብየዳ ቤቱ ከመጀመሪያው ቢያደርገው የጎማ ቤት ፍርፋሪ ነው፤ ምንም አያወጣም። በነገራችን ላይ ዶሮ አትጾምም። በዐቢይ ጾም 55 ቀን እንቁላሉ ቤት ይሞላል፤ ለማን እንደምትሸጡ ወይ ለማን እንደምትሰጡ ከወዲሁ አስቡበት።

ጣራው ስስ ቆርቆሮ ነው። በረዶ ሲወርድ ዶሮዎቹ ይደነግጣሉ፤ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ይግላል። ከሥሩ ፕላይውድ ለጥፌበታለሁ። የቆርቆሮው ክፈፍ ከግድግዳው ቢያንስ 40 ሳንቲሜትር ይውጣ። የእኔ 15 ሆኖ መጣ። አስቀጠልሁት። ጎማውን ተዉት፤ እግሩ ላይ የሚገጥሙት ጎማ ለፎቶ ነው፣ በክረምት ጭቃ ንቅንቅ አይልም። አብሮ የሚሰጡት የላሜራ መመገቢያም አይረባም። ዶሮዎቹ ወጥተው ይቆሙበታል፣ መኖውን ይበትኑታል። አንዷ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ትበላለች። ፋጉሎና በቆሎ በዚህ ዋጋ እየተገዛ መሬት ላይ የሚበተነው ያቃጥላል። የሚንጠለጠል የፕላስቲክ መመገቢያ ገዝታችሁ በጀርባቸው ቁመት ልክ ስቀሉት።

ቤቱ የቱንም ያህል ቢያምር ፈንግልን አያቆምም። ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ በየጊዜው መደገም አለበት። የሰፈራችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ። ይህንን ስል የድሮ ሥራዬ እያናገረኝ ነው።

ማጓጓዙ ሌላ ታሪክ ነው። ግቢዬ የእግረኛ በር ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ጎኖቹ ሁሉ በቡሎን ተፈትተው እንዲገጣጠሙ አዝዤ ነበር። ልጆቹ አልወደዱትም፤ መበየድ ይፈጥናል። ግን ጎን በጎን እየፈቱ አስገቡት፤ ቀዳዳዎቹም ሳይዛነፉ ልክክ አሉ። ኪራይ ቤት የምትኖሩ በቡሎን አሠሩት። ስትለቁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። የሰፈሩ ጫኝና አውራጆች ግን መኪናው ሳይቆም ደረሱ። የጠሩት ዋጋ ለኮንቴነር ነበር እንጂ ለዶሮ ቤት አልነበረም። ከሹፌሩ ጋር ቀድማችሁ ተስማሙ።

የከፈልኩት 38,000 ብር ነው፤ የመርካቶውን ሽቦ ሳይጨምር። ደጃፍ ላይ ያለው ሞዴል ከዚያ በብዙ ያንስ ነበር። የብረት ዋጋ ሲነጋ ሌላ ነውና ይህን ቁጥር ይዛችሁ ሄዳችሁ እንዳትከራከሩ። እንቁላሉ ወጪውን ይመልሳል ወይ ለሚለኝ፦ ቶሎ አይመልስም። ሦስት አራት ዶሮ ብቻ የሚፈልግ ሰው ይህን ሁሉ ብረት ምን ያደርግለታል? አጣናና ሞራሌ ገዝቶ፣ አንድ ደህና አናጢ ጠርቶ፣ ገንዘቡን ሽቦው ላይ ያውለው። እንጨት ስንጥቁ ውስጥ ደም መጣጭ ተባይ ይደብቃል፤ በየጊዜው ኖራ መቀባት ነው። ከዚያ በላይ ለሚያረባ፣ በተለይ ጫካ አጠገብ ላለ፣ ብረቱ ዋጋውን ያወጣል።

እህቴ ሱሉልታ ላለው ግቢዋ ልታሠራ ነው፤ እዚያው ብየዳ ቤት ልኬያታለሁ። ሥዕሉን በሴንቲሜትር አስይዤ ነው የላክኋት። ወለሉ በግራይንደር ይጽዳ፣ ክፈፉ 40 ይሁን፣ ከመነዳሪው ይግባ፣ ጎማው ይቅር ብዬ ከሥሩ ጽፌበታለሁ። ቀብድ ግማሹን ብቻ ነው የሰጠችው። ቀሪውን የምትከፍለው ትሪዋን ሰጋቱራ ሞልታ ስባ ካወጣች በኋላ ነው። ልጁ ደውሎልኝ «ማዘር፣ እህትዎ ከእርስዎም ይብሳሉ» ብሏል።